በዕድሜ ከደም ሕዋሳት የሚጠፋው ክሮሞሶም

የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት፣ ከእነዚህም 23ቱ ከእናት 23ቱ ከአባት እንደሚወረሱ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚገልጸው የጽንሱን መነሻ እንጂ ሰባ ዓመት የኖረን ሰው ደም አይደለም። ዕድሜያቸው በገፋ በርካታ ሰዎች ደም ውስጥ ከነጭ የደም ሕዋሳት የተወሰኑት 45 ክሮሞሶሞችን ብቻ ይዘው ይገኛሉ። የሚጎድለውም እንደ አጋጣሚ የትኛውም ክሮሞሶም ሳይሆን በአብዛኛው ጾታን ከሚወስኑት አንዱ፣ በወንዶች ላይ ዋይ፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ነው። ይህንን የሚሰማ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «እኔስ ስንት ክሮሞሶም አለኝ?» ብሎ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት ግን ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ ክሮሞሶም የጎደለው ሕዋስ ከሌሎቹ መካከል ምን ያህል ተራብቷል፣ እንዲራባስ ያስቻለው ምንድን ነው የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው የደም ሕዋስ እንደምንነጋገር እንለይ። ደማችንን የሚያቀሉት ቀይ የደም ሕዋሳት ከአጥንት መቅኔ ወጥተው ወደ ደም ሥር ከመግባታቸው በፊት ኒውክለሳቸውን ስለሚያስወግዱ ክሮሞሶም የላቸውም፤ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም እንዲሁ። ስለዚህ በደም ውስጥ ክሮሞሶም ተቆጠረ ሲባል የተቆጠረው የነጭ የደም ሕዋሳት ክሮሞሶም ነው። በጎንደር በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው በተደጋጋሚ የሚታዘዘው የደም ሕዋሳት ቆጠራ የሄሞግሎቢንን መጠን፣ የነጭ የደም ሕዋሳትን ብዛትና ዓይነት፣ የፕላትሌትን ቁጥር ይናገራል እንጂ በሕዋሱ ውስጥ ስላሉት ክሮሞሶሞች አንዳች አይናገርም። ቆጠራው ፍጹም ጤናማ በሆነ ሰው ደም ውስጥም ዋይ የጎደላቸው ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉ።

ክሮሞሶምን ለማየት የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል፤ የዝግጅቱ ታሪክም ቢነገር የሚያስደስት ነው። ክሮሞሶም ተጠቅልሎና ወፍሮ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሕዋሱ ሊከፈል በተዘጋጀበት አጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በደም ሥር የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ በአብዛኛው አይከፈሉም። ፒተር ኖዌል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን አጣብቆ ለመለየት ሲባል ወደ ናሙናው ይጨመር የነበረው፣ ሊምፎሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ቀስቅሶ እንዲከፈሉ እንደሚያደርጋቸው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ከክንድ የተቀዳ ጥቂት ደም ከዚህ የቦሎቄ ንጥረ ነገር ጋር ሦስት ቀን ያህል በሰውነት ሙቀት ይቆያል፤ በመጨረሻው ሰዓት ለሪህ ሕመም የሚታዘዘው ኮልቺሲን ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ይጨመርበትና ክፍፍሉ ከመሃል ይቆማል፤ ጨዉ አነስተኛ በሆነ ፈሳሽ ሕዋሳቱ እንዲያብጡ ይደረግና ክሮሞሶሞቹ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ፤ በመጨረሻም በመስታወት ላይ ተንጠባጥበው ቀለም ይቀባሉ። ቀለሙ ለጎንደር የላቦራቶሪ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የወባ ጥገኛን ለማየት በየዕለቱ የሚጠቀምበት ጂምሳ ነው፤ ከመተማና ከሑመራ ቆላ ሠርተው የሚመለሱ ወጣቶችን የሚያጠቃው የካላዛር ጥገኛም ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በተወሰደ ናሙና ላይ የሚለየው በዚሁ ቀለም ነው።

የሰው ክሮሞሶም ቁጥር 46 መሆኑ ራሱ የተረጋገጠው ዘግይቶ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቁጥሩ 48 ነው ሲባል ቆይቶ፣ ጆ ሂን ትጂዮ እና አልበርት ሌቫን በስዊድን ሉንድ ከተማ ያደረጉትን ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲያሳትሙ ነበር የታረመው። ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። በ1959 ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ሦስት 21ኛ ክሮሞሶሞች እንዳሏቸው ታወቀ። በ1961 ደግሞ ፓትሪሺያ ጃኮብስ እና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንድ ኤድንብራ በተለያየ ዕድሜ የሚገኙ ሰዎችን ደም ቆጥረው፣ ቁጥራቸው ከ46 የተለየ ሕዋሳት ዕድሜ በገፋ ቁጥር እንደሚበዙ ዘገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለውጡ በወንድና በሴት ላይ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ጨመሩ።

ይህን ግኝት ብዙዎች በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነበር። ሕዋስ በመስታወት ላይ ሲንጠባጠብ ሊፈነዳና አንድ ሁለት ክሮሞሶም ከክልሉ ውጭ ሊወረውር ይችላል፤ ቆጣሪው ያጣው ክሮሞሶም በሰውየው ደም ውስጥ የነበረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሆኖም በዝግጅት ስህተት የሚጠፋ ክሮሞሶም ከ46ቱ ማንኛውም ሊሆን ሲገባው፣ ከአረጋውያን ሕዋሳት የጠፋው ደጋግሞ የጾታ ክሮሞሶም ሆኖ መገኘቱ ጥርጣሬውን አዳከመው። በ1972 ቦሎቄም ሆነ ረጅም ማቆያ ሳያስፈልገው በራሱ በሚከፈለው የአጥንት መቅኔ ላይ የተደረገ ጥናትም ዋይ የጎደላቸው ሕዋሳት በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ እንደሚገኙ አረጋገጠ። ዛሬ ሥራው የሚከናወነው በአብዛኛው ያለ ማይክሮስኮፕ ነው። የብዙ ሺህ ሕዋሳት ዲኤንኤ በአንድነት ይመዘንና ከዋይ የመጣው ድርሻ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንዳነሰ ይሰላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ውጤት «አለ» ወይም «የለም» የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ከሕዋሳቱ ስንት በመቶው ክሮሞሶሙን እንዳጣ የሚናገር በመሆኑ ጠቃሚነቱ ከፍ ያለ ነው።

ክሮሞሶም የሚጎድለው በሕዋስ ክፍፍል ወቅት ነው። ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት 46ቱንም ክሮሞሶሞች ስለሚገለብጥ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂ ይኖረዋል። ቀጥሎ ከሕዋሱ ሁለት ጫፎች የሚነሱ የፕሮቲን ክሮች የእያንዳንዱን ክሮሞሶም ወገብ፣ ሴንትሮሜር የሚባለውን ክፍል፣ ከሁለቱም ወገን ይይዙና አንዱን ቅጂ ወደ አንዱ ጫፍ፣ ሌላውን ወደ ሌላው ይስባሉ። አንድ የጎንደር ደብር 46 የብራና መጻሕፍቱን በሙሉ አስገልብጦ ለሁለት አዳዲስ ደብሮች ሲያካፍል፣ ጽሕፈቱ አንዲት ፊደል ሳይሳሳት ተጠናቆ ሳለ በጭነቱ ላይ ግን አንዱ መጽሐፍ ሁለት ቅጂው ለአንዱ ደብር ቢደርስና ሌላው ባዶውን ቢቀር፣ የሆነው ስህተት የጸሐፊው ሳይሆን የክፍፍሉ ነው። በሕዋስም እንዲሁ ነው፤ የክሮሞሶም ቁጥር መዛባት ዲኤንኤው በትክክል ተጽፎ እያለ የሚፈጠር የክፍፍል ስህተት ነው። አንዳንድ ጊዜ ክሩ በሚገባ ያልያዘው ክሮሞሶም በመሃል ወደ ኋላ ይቀርና ከዋናው ኒውክለስ ውጭ ማይክሮኒውክለስ በተባለች ትንሽ ክልል ይታሰራል፤ ከዚያም ይሰባበራል ወይም ይጠፋል። በአረጋውያን ደም ውስጥ እንዲህ ያሉ ማይክሮኒውክለሶች የሚበዙ ሲሆን፣ በውስጣቸው የኤክስና የዋይ ክሮሞሶሞች ከድርሻቸው በላይ ይገኛሉ።

ስህተቱ በማንኛውም ክሮሞሶም ላይ ሊደርስ ቢችልም የሚተርፈው ሕዋስ ጥቂት ነው። ጾታን ከማይወስኑት 22 ጥንዶች አንዱን ክሮሞሶም ያጣ ሕዋስ የብዙ መቶ ዘረ መሎችን ሚዛን ስለሚያጣ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል ወይም መከፈሉን ያቆማል። ዋይ ግን ትንሽ ነው፤ ሙሉ ንባቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጠናቀቅ ርዝመቱ ወደ 62 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት፣ ፕሮቲን የሚሠሩለት ዘረ መሎችም ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ትልቁ አንደኛ ክሮሞሶም ወደ 248 ሚሊዮን ፊደላት አሉት። በተጨማሪም ሴቶች ዋይ ሳይኖራቸው በሙሉ ጤና የሚኖሩ በመሆናቸው አንድ የደም ሕዋስ ያለ እሱ ቢኖር አያስደንቅም። ሴቶች ላይ ያለው ምክንያት ይለያል። በእያንዳንዱ የሴት ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ከጽንስ ጊዜ ጀምሮ ተጠቅልሎ ሥራ ያቆመ ነው፤ በዕድሜ የሚጠፋውም በአብዛኛው ይኸው ሥራ ያቆመው በመሆኑ ሕዋሱ የሚያጣው ያን ያህል አይደለም።

እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም ብዬ አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ፤ ሲምታታ ሰዎችን ስለሚጎዳ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ተጨማሪውን ክሮሞሶም ይዞ የሚወለደው ስህተቱ በአብዛኛው በእናቱ እንቁላል አፈጣጠር ላይ በመድረሱ ነው፤ ስለሆነም በልጁ ሕዋሳት ሁሉ ወይም በአብዛኞቹ ውስጥ ይገኛል። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ የሚጨምር ቢሆንም ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ፤ በእርግዝና ጊዜ እናቲቱ ባደረገችው ወይም ባላደረገችው ነገር የመጣ አይደለምና ማንም ሊወቅሳት አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን ከውልደት በኋላ፣ ጤናማ ሆኖ በተወለደ ሰው ደም ውስጥ፣ በተወሰኑ ሕዋሳት ላይ ብቻ የሚፈጠረውን ነው። አባት ከደሙ ውስጥ ዋይ የጎደላቸው ሕዋሳት ስላሉ ለልጁ አያወርሳቸውም፤ የደም ሕዋስና የዘር ሕዋስ የሚመነጩበት ቦታ ይለያያል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ክሮሞሶም ያጣ አንድ ሕዋስ ብቻውን ቢቀር ማንም አያየውም፤ ጥቂት ኖሮ ይሞታል። የሚታየው ያጣው ሕዋስ ግንደ ሕዋስ ሲሆን ነው። የደም ሕዋሳት በሙሉ የሚመነጩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚኖሩ ግንደ ሕዋሳት ሲሆን፣ በአንድ ጎልማሳ ሰው ላይ ቁጥራቸው ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ከእነዚህ አንዱ ዋይ ቢያጣ ከእሱ የሚወለዱት ሁሉ ዋይ አልባ ይሆናሉ፤ በወጣትነት ዕድሜ ግን በሺዎች በሚቆጠሩ እኩያዎቹ መካከል ድርሻው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ65 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ ደም የሚመረተው ከእጅግ ብዙ ግንደ ሕዋሳት ሲሆን፣ ከ75 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ የግንደ ሕዋስ ዘሮች ብቻ ከጠቅላላው ምርት ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን ይይዛሉ። የደም አረጋዊነት ማለት በከፊል ይህ ነው፤ ምንጩ ሳይደርቅ የምንጮቹ ብዛት ማነሱ። ከተስፋፉት ዘሮች አንዱ ዋይ የጎደለው ከሆነ በደም ምርመራ ላይ ይታያል።

ታዲያ ለምን እሱ ተስፋፋ? በከፊል በዕድል ነው፤ ማንኛውም ዘር ሊስፋፋ ይችላል። በከፊል ግን ዋይ ማጣቱ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሌላ ለውጥ ሕዋሱ ከእኩያዎቹ ይልቅ ፈጥኖ እንዲራባ ስለሚያደርገው ነው። ውርስም ድርሻ አለው። በ2019 በብሪታንያ ከ200 ሺህ በላይ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዋይ በደም ውስጥ እንዲጠፋ ዕድሉን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉ 156 የዘረ መል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ ብዙዎቹም የሕዋስ ክፍፍልን የሚቆጣጠሩ፣ የተጎዳ ዲኤንኤን የሚጠግኑ ወይም የተበላሸ ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝዙ ናቸው። በዚሁ ጥናት ከተመረመሩት ወንዶች ከአምስቱ በአንዱ ደም ውስጥ ዋይ አልባ ሕዋሳት የተገኙ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 70 በደረሱት ላይ ድርሻው ከመቶ አርባ አልፏል። በ2024 ወደ 884 ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ በታተመው ጥናት ደግሞ ኤክስ የጎደላቸው ሕዋሳት የተገኙት በ12 በመቶው ላይ ነው፤ ሕዋሳቱም በአማካይ ከነጭ የደም ሕዋሳቱ ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ 22 ጥንዶች ላይ የሚደርሱ ሰፋፊ ለውጦች ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው፤ ከ50 ዓመት በታች ከመቶ ከግማሽ ሰው ያነሰ ላይ፣ በአረጋውያን ላይም ከመቶ ሁለት ሦስት ሰዎች ላይ ይታያሉ። አስጊነታቸው ግን ይበልጣል፤ ለምሳሌ ሦስት 12ኛ ክሮሞሶሞች መኖር ሥር ከሰደደው የሊምፎሳይት የደም ካንሰር፣ የ7ኛ ክሮሞሶም መጥፋት ደግሞ ከከባድ የመቅኔ በሽታዎች ጋር የተያያዘ ነው።

የዋይ መጥፋት እንደ ሽበት ጉዳት የሌለው የዕድሜ ምልክት ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ታምኖ ነበር። ይህ እምነት የተናጋው በ2014 የስዊድን ኡፕሳላ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሏቸው የነበሩ 1,153 አረጋውያን ወንዶችን መረጃ ሲመረምሩ ነው። በከፍተኛ መጠን ዋይ ያጡት ከሌሎቹ በአማካይ 5.5 ዓመት ቀድመው ይሞቱ ነበር፤ በካንሰር የመሞት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነበር፤ ካንሰሩም የደም ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥናት ግን ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አያሳይም። ዕድሜም፣ ሲጋራም፣ ሌላ ሕመምም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄውን ወደ ፊት ያራመደው በ2022 የታተመው የአይጥ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች ከወንድ አይጦች መቅኔ ሕዋሳት ላይ ዋይን አጥፍተው ሕዋሳቱን ለሌሎች ወንድ አይጦች ተከሉ። የተቀረው የአይጦቹ አካል ዋይ ነበረው፤ ደማቸው ብቻ አልነበረውም። አይጦቹ ዕድሜያቸው አጠረ፤ ልባቸው እንደ ጠባሳ በሚጠነክር ሕብረ ሕዋስ ተሞላና የመምታት ኃይሉ ደከመ። መንገዱም ተገለጸ፤ ዋይ የሌላቸው ማክሮፋጅ የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ልብ ገብተው ጠባሳ እንዲሠራ የሚያዝዝ መልእክት ያመነጫሉ፤ ያ መልእክት በመድኃኒት ሲታገድ የልብ ሥራ ተሻሻለ። በዚያው ጽሑፍ ከ40 በመቶ በላይ የደም ሕዋሳታቸው ዋይ ያጡ የብሪታንያ ወንዶች በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው 31 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አይጥ ሰው ባይሆንም፣ ይህ ሙከራ የዋይ መጥፋት ምልክት ብቻ ሳይሆን በከፊል ጎጂ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንዶች በአብዛኛው የዓለም ክፍል ከሴቶች ቀድመው ለመሞታቸው ይህ አንዱ ምክንያት ነው የሚለው ሐሳብም በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል፤ ብቸኛው ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ግን ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው።

እስከ አሁን ከተለዩት ምክንያቶች ሰው በራሱ ውሳኔ ሊለውጠው የሚችለው ዋነኛው ሲጋራ ነው። ከ6,000 በላይ ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2015 በታተመ ጥናት አጫሾች ከማያጨሱት ይልቅ ዋይ የማጣት ዕድላቸው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የሚያጨሱት መጠን ሲጨምር ጉድለቱም ይጨምራል። ማጨስ ባቆሙት ላይ ግን መጠኑ ከማያጨሱት ጋር የተቀራረበ ነበር። በአዘዞም ሆነ በአራዳ ለረጅም ዓመታት ሲያጨስ የኖረ አባት «ከእንግዲህ ምን ይጠቅመኛል» ሲል፣ ልጆቹ ሊመልሱለት ከሚችሉት ተስፋ ሰጪ ነገር አንዱ ይህ ነው።

የጠቀስኳቸው ትላልቅ ጥናቶች የተደረጉት በአብዛኛው በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ከመቶኛዎቹ አንዱንም ቀጥታ ወስዶ የጎንደርን አረጋውያን ሁኔታ ይገልጻል ማለት አይቻልም። እዚህ ለማጥናት ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ዕድሜ ራሱ ነው፤ ብዙ አባቶችና እናቶች የልደት ወረቀት ስለሌላቸው ዕድሜያቸውን የሚያሰሉት ከጣሊያን ጊዜ ወይም ከሌላ ታላቅ ዘመን ጋር አያይዘው ነው። በአሥር ዓመት የሚሳሳት ዕድሜ ይዞ የዋይን መጥፋት ከዕድሜ ጋር ማመሳከር ፍሬ አይኖረውም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የክትትል ጣቢያ አለው። እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት አካባቢ የአረጋውያንን ደም ማጥናት ቢጀመር ትልቅ ቁም ነገር ይሆን ነበር፤ እኔም አጥብቄ የምመኘው ነው።

በሐኪም ቤት ይህ እውቀት የሚያስፈልገው በተለይ በአንድ አጋጣሚ ነው። ደም ማነስ የያዛቸው አዛውንት ሲመጡ ሐኪሙ አስቀድሞ የብረት ማዕድን እጥረትን፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የፎሌት እጥረትን፣ በጨጓራና በአንጀት የሚፈስ ደምን፣ የአንጀት ጥገኛን፣ የኩላሊት ሕመምንና ሌላ ሥር የሰደደ በሽታን ይፈትሻል። እነዚህ ሁሉ ሳይገኙ ሲቀሩ የመቅኔ ናሙና ተወስዶ ክሮሞሶም የሚታይበት ሥፍራ ይላካል፤ የሚመለሰው ወረቀት ላይ «45 ክሮሞሶም፣ ዋይ የጎደለው» የሚል ሊጻፍ ይችላል። ቤተሰቡ ይህን ሲያነብ የደም ካንሰር መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሆኖም የዋይ መጥፋት ብቻውን፣ የሕዋሳቱ ቅርጽ ካልተበላሸና ሌላ የክሮሞሶም ወይም የዘረ መል ለውጥ ካልታየ፣ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም የተባለውን የመቅኔ በሽታ ለመወሰን በቂ ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድም። በሽታው በሌላ ማስረጃ ቢረጋገጥ እንኳ፣ ዋይ ብቻ የጎደላቸው ሕሙማን ዓለም አቀፉ የደረጃ መለኪያ «እጅግ መልካም» ብሎ በሚመድበው የክሮሞሶም ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ 7ኛ ክሮሞሶም የጎደላቸው ግን ከዚህ በጣም የከፋ ተስፋ አላቸው። ስለዚህ ወረቀቱን የያዘ ሰው ሐኪሙን ሊጠይቅ የሚገባው የጎደለው የትኛው ክሮሞሶም እንደሆነ፣ ከታዩት ሕዋሳት በስንቱ ላይ እንደጎደለ፣ አብሮት የተገኘ ሌላ ለውጥ መኖሩንና የደም ቆጠራው ከስንት ወር በኋላ መደገም እንዳለበት ነው።